የኮምፒዩተር ማይክ ድምፅ አላስተላልፍ ሲል፦ ከፎርማት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

«አይሰማም፤ ማይክዎን ይክፈቱ።» በዙም ስብሰባ ላይ ወይም ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር በቴሌግራም ሲያወሩ ይህ ከተባለ፣ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ጮክ ብሎ ይናገራል። ቀጥሎ ማዳመጫውን ነቅሎ ይሰካል፣ ከዚያ አዲስ ማዳመጫ ይገዛል፣ በመጨረሻም ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ጥገና ቤት ሄዶ ፎርማት ያስደርጋል። ፎርማት የማይክ ችግርን የሚፈታው ከስንት አንዴ ነው። ሌላ ቦታ ያልተቀመጠ ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ጠራርጎ ይወስዳል።

መራዊ አካባቢ በቆጋ መስኖ የሚያለማ ገበሬ ውሃው ማሳው ሳይደርስ ሲቀር ማሳውን አይቆፍርም። ቦዩን ይዞ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ውሃው እስከየት እንደመጣና የት ላይ እንደቆመ ያያል። ማይክም የሚፈተሸው እንደዚሁ ነው። ድምፅዎ ከአፍዎ ተነስቶ በማይኩ፣ በሽቦው፣ በሶኬቱ፣ ድምፁን በሚቀበለው የኮምፒዩተሩ ክፍል በሳውንድ ካርዱ፣ በዊንዶውስ በኩል አልፎ ነው ዙም ወይም ቴሌግራም የሚደርሰው። የት ላይ እንደቆመ ሳይታወቅ የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ በግምት የሚወጣ ነው።

መጀመሪያ፦ የሁለት ደቂቃ ፍተሻ

ዙምን፣ ቴሌግራምን፣ ብራውዘሩን ሁሉንም ይዝጉ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘው «አይ» የሚለውን ፊደል ሲጫኑ ሴቲንግስ ይከፈታል። «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «ሳውንድ» ይግቡና «ኢንፑት» ወደሚለው ይውረዱ። ዊንዶውስ 11 ከሆነ የማይኩን ስም ተጭነው «ስታርት ቴስት» የሚለውን ይጫኑ፤ በተለመደው ድምፅዎ አሥር ሰከንድ ያህል ተናግረው ያቁሙት። ድምፅዎ ከሙሉው መጠን ስንት ፐርሰንት እንደደረሰ ይጽፍልዎታል። ዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ «ቴስት ዩር ማይክሮፎን» ከሚለው ስር ያለው መስመር ሲናገሩ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። መስመሩ ስለተንቀሳቀሰ ብቻ የሚፈልጉት ማይክ ሠራ ማለት አይደለም። ማዳመጫ ሰክተው እያለ የሚሰማው የላፕቶፑ የራሱ ማይክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዝም ብለው የማዳመጫውን ማይክ በጥፍርዎ ጫፍ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉት። መስመሩ በእያንዳንዱ ምት ዘለል ካለ ክፍቱ ማይክ እሱ ነው። ካልዘለለ ከስክሪኑ በላይ ካሜራው አጠገብ መታ ያድርጉ፤ እዚያ ከዘለለ ዊንዶውስ የያዘው ሌላውን ማይክ ነውና ከዝርዝሩ ውስጥ ትክክለኛውን ይምረጡ።

ትክክለኛው ማይክ ተመርጦ መስመሩ በደንብ ከተንቀሳቀሰ ማይኩም ሽቦውም ድራይቨሩም (ዊንዶውስ ከማይኩ ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም) ጤነኛ ናቸው፤ በቁጥር 3 ያሉትን ማብሪያዎች ብቻ አይተው ወደ ቁጥር 5 ይለፉ። ትንሽ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ቁጥር 4ን ያንብቡ። ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ከቁጥር 1 ይጀምሩ።

1. የተዘጋ ቁልፍ፣ የተሸፈነ ቀዳዳ

በማዳመጫው ሽቦ መሃል ላይ ያለችው ትንሽ መቆጣጠሪያ የማይክ መዝጊያ ካላት ቦርሳ ውስጥ እያለች ልትገፋ ትችላለች። አንዳንድ ማዳመጫ ደግሞ የማይኩ ዘንግ ወደ ላይ ሲነሳ በራሱ ይዘጋል፤ ወደ አፍዎ ዝቅ ያድርጉት። ላፕቶፕ ላይ ከላይኛው የኤፍ ቁልፎች መካከል ጭረት የተደረገበት የማይክ ምስል ያለውን ይፈልጉ። በብዙ የሌኖቮ ቲንክፓዶች ላይ ኤፍ 4፣ በብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች ላይ ኤፍ 8 ነው። ቁልፉ ላይ መብራት ካለና ከበራ ማይኩ ተዘግቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው መብራቱን ሲያይ «ይሠራል» ብሎ ያልፈዋል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው።

የላፕቶፕ ማይክ አብዛኛውን ጊዜ ከካሜራው ግራና ቀኝ የመርፌ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ ውስጥ ይቀመጣል። ካሜራ ለመሸፈን የተለጠፈ ፕላስተር እሷንም ይዞ ይደፍናታል። ቀዳዳዋን በመርፌ አይንኩ፤ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ከተበሳ ማይኩ አበቃለት። የበጋ አቧራ ከሆነ ለስላሳና ደረቅ ብሩሽ ይበቃዋል።

2. መሰኪያውና ሶኬቱ

«ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚጣለው ማዳመጫ አንዳንዱ ጤነኛ ነው፤ ከሶኬቱ ጋር ስላልተስማማ ብቻ ነው። የመሰኪያውን ጫፍ ወደ ብርሃን አቅርበው ብረቱን የሚከፍሉትን ቀለበቶች ይቁጠሩ። ሁለት ቀለበት ካለው ሦስት ክፍል አለው፤ ይህ ወይ ማይክ የሌለው ማዳመጫ ነው፣ ወይ ለብቻው የሚሰካ ማይክ። ሦስት ቀለበት ካለው አራት ክፍል አለው፤ ማዳመጫና ማይክ በአንድ ላይ ማለት ነው። በአሁኑ አሠራር ከጫፉ ሲቆጠር አንደኛው የግራ ጆሮ፣ ሁለተኛው የቀኝ ጆሮ፣ ሦስተኛው ምድር፣ ሽቦው ጋ ያለው አራተኛው ማይክ ነው። በአንዳንድ የቆዩ የስልክ ማዳመጫዎች ሦስተኛውና አራተኛው ቦታ ተለዋውጠዋል። እንዲህ ያለውን ሰክተው ዘፈን ሲከፍቱ የዘፋኙ ድምፅ ርቆና ባዶ ሆኖ ይሰማል፣ ማይኩም አይሠራም። ማስማሚያ ካልተገኘለት ለኮምፒዩተር አይሆንም።

አንድ ሶኬት ብቻ ያለው፣ አጠገቡም ማይክ ያለበት የማዳመጫ ምስል የተሳለበት ላፕቶፕ የሚፈልገው አራት ክፍሉን ነው። ዴስክቶፕ ላይ ግን ሶኬቶቹ ተለያይተዋል፦ አረንጓዴው ለጆሮ፣ ሮዙ ለማይክ። የስልክ ማዳመጫ ሮዙ ውስጥ በልኩ ይገባል፤ ድምፅ ግን አይሄድም። ምክንያቱም ሮዙ ሶኬት የማይኩን ድምፅ የሚጠብቀው ከመሰኪያው ጫፍ ነው፣ የስልክ ማዳመጫ ጫፉ ላይ ያለው ደግሞ የግራ ጆሮ ነው። መፍትሔው አራት ክፍል መሰኪያ ተቀብሎ ለማይክና ለጆሮ ለሁለት የሚከፍል አጭር ሽቦ ነው። ሲገዙ ተጠንቀቁ፦ ሁለት ሰው አንድ ላይ እንዲያዳምጥ የሚከፍል፣ መልኩ ፍጹም የሚመሳሰል ሌላ ሽቦ አለ፤ እሱ አይጠቅምዎትም። ትክክለኛው አንድ ሴት ጫፍና ሁለት ወንድ ጫፍ አለው፤ ብዙ ጊዜም ከሁለቱ ወንድ ጫፎች በአንዱ ላይ የማይክ ምስል ይታያል። ከኋላ ያለው ሰማያዊ ሶኬትም ለማይክ አይሆንም። የተሠራው ከቴፕና ከመሳሰለው ለሚመጣ ጠንካራ ድምፅ ነው፤ ትንንሽ ማይኮች ለመሥራት የሚያስፈልጋቸውን ኤሌክትሪክም አይሰጥም።

መሰኪያው ልኩ ሆኖ ካልሠራ እስከ መጨረሻው መግባቱን ይዩ። ቀጭ ካላለ ወይም አንድ ሚሊሜትር ያህል ብረት ውጭ ከቀረ፣ ሶኬቱ ውስጥ የኪስ ብናኝ ወይም አቧራ ተጠቅጥቋል። ኮምፒዩተሩን አጥፍተው በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ። በአፍ አይንፉ፤ ምራቅ ይገባና ብረቱን ያዝገዋል። በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ወይም የታመቀ አየር ይጠቀሙ። ባህር ዳርን በመሰለ ሐይቅ ዳር ያለ ከተማ በክረምት የመሰኪያው ብረት ደብዝዞ ካገኙት 90 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል በትንሹ በራሰ ጨርቅ ጠርገው፣ ደርቆ ይሰኩት።

ሽቦው መሃል ላይ መቆረጡን ለማወቅ የፍተሻውን መስመር ክፍት አድርገው እየተናገሩ መሰኪያውን ቀስ ብለው ያሽከርክሩ፣ ሽቦውን ከመሰኪያው ሥርና ከመቆጣጠሪያዋ አጠገብ እጥፍ ዘርጋ ያድርጉት። መስመሩ ብቅ ጥልቅ ካለ ሽቦው እዚያው ጋ ተቆርጧል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው መሰኪያው ውስጥ በሚገባበት ጫፍ ላይ ነው። ማዳመጫውን በስልክም ይሞክሩት፤ እዚህም የጥፍሩን ፍተሻ አይርሱ። ስልኩ የማዳመጫውን ማይክ ካላገኘ የራሱን ስለሚከፍት፣ ድምፁ ተቀርጾ ቢያገኙትም የተቀረጸው በየትኛው እንደሆነ በጥፍርዎ መታ እያደረጉ ያረጋግጡ።

የዴስክቶፑ ኬዝ የፊት ሶኬት እምቢ ብሎ የኋላው ከሠራ፣ ከፊቱ ሶኬት ወደ ማዘርቦርዱ (ወደ ዋናው የውስጥ ሰሌዳ) የሚሄደው ሽቦ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ኬዙ ተጠርጎ ወይም ተጠግኖ በተመለሰ ማግስት የሚያጋጥም ነው። ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ቦታ ዘጠኝ ፒን አለው፤ አንድ ፒን ሆን ተብሎ የተዘለለው ሽቦው ተገልብጦ እንዳይገባ ነው።

ሶኬቱ ራሱ ከተሰበረ ብየዳ ከማሰብዎ በፊት አውራ ጣት የምታህለውን የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ያስቡ። ዩኤስቢ ላይ ትሰካለች፣ የራሷ ማዳመጫና ማይክ ሶኬት አላት፣ የተበላሸውን ሙሉ በሙሉ ትዘለዋለች። ሁለት ሶኬት ካላት እያንዳንዱ የሚፈልገው ሦስት ክፍል መሰኪያ ነው።

3. ዊንዶውስ የዘጋው በር

ሴቲንግስ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ ከዚያ «ማይክሮፎን» ይግቡ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ «ፕራይቬሲ» ብቻ ይላል። ላይ ያሉት ማብሪያዎች ሁሉ መብራት አለባቸው። ግን በዚህ አያብቁ፤ እስከ ታች ይውረዱ። «ሌት ዴስክቶፕ አፕስ አክሰስ ዩር ማይክሮፎን» የሚል ሌላ ማብሪያ አለ። ዙም፣ ክሮምና አብዛኛው ከኢንተርኔት አውርደን የምንጭነው ፕሮግራም የሚታዘዘው ለዚህኛው ነው። ከላይ ያለውን አብርቶ ታችኛውን የማያይ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ይውላል።

ማይኩ ከነጭራሹ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ «ሳውንድ» ገጽ ላይ «ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ» ይክፈቱ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ «ሳውንድ ኮንትሮል ፓነል» ይባላል። «ሪኮርዲንግ» የሚለውን ክፍል ይዘው ባዶው ቦታ ላይ በቀኝ የማውስ ቁልፍ ሲጫኑ «ሾው ዲሴብልድ ዲቫይስስ» ይላል። እሱን ሲመርጡ ደብዛው የጠፋው ማይክ ግራጫ ሆኖ ብቅ ካለ በቀኝ ተጭነው «ኢኔብል» ያድርጉት። ዋና ማይክ አድርገው ሲመርጡትም ሁለት ዓይነት ምርጫ እንዳለ ይወቁ፦ «ዲፎልት ዲቫይስ» እና «ዲፎልት ኮሚዩኒኬሽን ዲቫይስ»። ሁለተኛው ለጥሪ ነው። አንዱ ብቻ ተቀይሮ ሲገኝ ቀረጻው ይሠራል፣ ጥሪው ዝም ይላል።

ከውጭ የመጣ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ገዝተው ማይኩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማይታይ ከሆነ ባዮሱን፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳውን የኮምፒዩተሩን መሠረታዊ ማስተካከያ ይመልከቱ። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ለደኅንነት ሲሉ ማይክን እዚያ ያጠፉታል፤ እዚያ የጠፋን ነገር ፎርማት አይመልሰውም። ሲበራ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1፣ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10 ደጋግመው ይጫኑ። ቲንክፓድ ላይ «ሴኪዩሪቲ» ውስጥ «አይኦ ፖርት አክሰስ» የሚል አለ፤ ማይክሮፎኑን እዚያ ያገኙታል። ዴል ላቲቲዩድ ላይ የድምፅ ክፍሉ ውስጥ «ኢኔብል ማይክሮፎን» የሚል አለ። ሌላውን ምንም ሳይነኩ አስቀምጠው ይውጡ።

4. ድምፁ እየሄደ በሩቁ ሲሰማ

በዚያው «ሪኮርዲንግ» ክፍል ማይኩን ሁለት ጊዜ ተጭነው «ሌቭልስ» ይክፈቱ። ላይኛው ከ0 እስከ 100 ነው፤ 80 አካባቢ ያድርጉት። ታችኛው «ማይክሮፎን ቡስት» በ10 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) እየጨመረ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 30 ይሄዳል። 20 ዴሲቤል ማለት የድምፁን ሲግናል 10 እጥፍ ማሳደግ ነው፤ የማራገቢያውን ሽውታም ሆነ የጎረቤቱን ዶሮ አብሮ 10 እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ማይኩን ወደ አፍዎ ያቅርቡ፤ ከከንፈርዎ ጥግ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ርቆ ወደ ጎን ይሁን፣ ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው። ቡስቱን በ10 ጀምረው ካልበቃ ብቻ ይጨምሩ።

5. ኮምፒዩተሩ ይሰማል፣ አፑ አይሰማም

ዙም ላይ በግራ በታች ጥግ ያለውን ምስል ይዩ። ማይክ ሳይሆን የጆሮ ማዳመጫ ምስል ከሆነ ድምፁን ገና አልተቀላቀሉም፤ «ጆይን ኦዲዮ»፣ ቀጥሎ «ጆይን ዊዝ ኮምፒዩተር ኦዲዮ» ይበሉ። የማይክ ምስል ከሆነ አጠገቡ ያለችውን ቀስት ተጭነው የማይኩን ስም ይምረጡ፤ «ቴስት ስፒከር ኤንድ ማይክሮፎን» የሚለው ደግሞ ድምፅዎን መልሶ ያሰማዎታል። አስተናጋጁ ሁሉንም ዘግቶ ራስን መክፈትን ከከለከለ እርስዎ ጋ የሚሠራ ነገር የለም፤ እጅዎን አንሥተው ይጠብቁ።

ክሮም ላይ ጉግል ሚት ከሆነ ከአድራሻው በስተግራ ያለውን ምልክት ተጭነው ማይክሮፎን መፈቀዱን አይተው ገጹን እንደገና ይክፈቱት። ቴሌግራም ዴስክቶፕም በሴቲንግስ ውስጥ የራሱ የማይክ ምርጫ አለው።

ሁለት ፕሮግራም አንድ ማይክ ላይ ሲጣላ አንዱ ዝም ይላል። ማይኩን ሁለት ጊዜ ተጭነው «አድቫንስድ» ውስጥ «ኤክስክሉሲቭ ኮንትሮል» የሚለውን ሳጥን ባዶ ያድርጉት። የብሉቱዝ ማዳመጫ ከሆነ ማይኩ ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ ቢሻክር አይደንግጡ፤ ማዳመጫው ከሙዚቃ ወደ ጥሪ አሠራር ተቀይሮ ነው።

6. ድራይቨር፣ ያለ ዳታ

ጥቅልዎን ለትልቅ ፋይል ከማዋልዎ በፊት ይህን ይሞክሩ። የ«ስታርት» ምልክቱን በቀኝ ተጭነው «ዲቫይስ ማኔጀር» ይክፈቱ፤ «ኦዲዮ ኢንፑትስ ኤንድ አውትፑትስ» ስር ማይኩን በቀኝ ተጭነው «አንኢንስቶል ዲቫይስ» ይበሉ። ድራይቨሩንም ላጥፋ ብሎ የሚጠይቅ ሳጥን ከመጣ ምልክት አያድርጉበት። ከዚያ «ሪስታርት» ያድርጉ። «ሸት ዳውን» አይደለም። ዊንዶውስ «ፋስት ስታርትአፕ» ሲበራ ሸት ዳውን የሲስተሙን ዋና ክፍል ሳይዘጋ አስተኝቶ ነው የሚያስቀምጠው፤ ጥፋቱ አብሮ ተኝቶ አብሮ ይነሳል። ሪስታርት ግን ከሥሩ ያስጀምራል፣ ዊንዶውስም ድራይቨሩን ከራሱ ማከማቻ መልሶ ይጭናል። ይህ ካልሠራ ብቻ ከላፕቶፑ አምራች ገጽ፣ በሞዴል ቁጥሩ፣ የኦዲዮ ድራይቨሩን ያውርዱ። «ድራይቨር አዘምናለሁ» የሚሉ ነፃ ፕሮግራሞችን አይጫኑ።

7. ጉምጉምታ፣ ዝናብና ዜማ

ያለማቋረጥ «እምም» የሚል ድምፅ ከመጣ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ብቻ ይናገሩ። ከጠፋ የመጣው ከመብራት መስመሩ ወይም ከቻርጀሩ ነው፤ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ጉምጉምታውም ወፍራም ነው። ዲቫይደሩ የምድር መስመር ያለው መሆኑን፣ የቻርጀሩ ሦስተኛ ፒን በባለ ሁለት ፒን ማስማሚያ አለመታለፉን ይዩ።

ሐምሌና ነሐሴ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ላይ በቆርቆሮ ጣራ ስር ለሚነጋገር ሰው ከሁሉም የሚበልጠው ርቀት ነው። በማይኩና በአፍዎ መካከል ያለውን ርቀት በግማሽ ሲቀንሱ ድምፅዎ በ6 ዴሲቤል ያህል ከፍ ይላል፤ ዝናቡ ግን ባለበት ይቀራል። የላፕቶፑ ማይክ ከፊትዎ አንድ ክንድ ያህል ስለሚርቅ በዝናብ ጊዜ አይመረጥም፤ ርካሽ የጆሮ ማዳመጫ ይበልጠዋል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ባዶ የሆነ ክፍል ድምፅ ያስተጋባል፤ ከፊትዎ ያለው ግድግዳ ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይስቀሉ።

የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚያስጠኑ መምህራን ግን ሌላ ችግር አለባቸው፤ ጎጃም የትምህርቱ አገር ነውና ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የዙም የድምፅ ማጥሪያ የተሠራው ለንግግር ነው። ረዘም ተደርጎ የሚሳበውን ዜማ እንደ ሞተር ድምፅ ቆጥሮ ይቆርጠዋል፣ ከበሮውንም ይውጠዋል። ተማሪው ርክርኩን ሳይሰማ «ማይክዎ ይቆራረጣል» ይላል፤ ማይኩ ግን ምንም አልሆነም። ዙም ሴቲንግስ፣ «ኦዲዮ» ውስጥ «ኦሪጂናል ሳውንድ ፎር ሙዚሽያንስ» የሚለውን ይምረጡ፤ ስብሰባው ውስጥ ሲገቡም ከላይ የሚመጣውን የዚህኑ ቁልፍ ያብሩ። በዚያ ጊዜ ክፍሉ ራሱ ጸጥ ማለት አለበት፣ ማጥሪያው ጠፍቷልና።

8. ጥገና ቤት ሲሄዱ

ይህ ሁሉ ሆኖ የላፕቶፑ የውስጥ ማይክ ካልሠራ ካሜራውንም ይሞክሩ። ብዙ ላፕቶፕ ላይ ማይኩና ካሜራው በአንድ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ተቀምጠው በአንድ ሽቦ በማጠፊያው በኩል ነው የሚወርዱት። ሁለቱም አንድ ላይ ከጠፉ ወይም ስክሪኑን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ድምፁ ከመጣና ከሄደ ጥፋቱ ማጠፊያው ጋ ያለው ሽቦ ነው። ስክሪኑ በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነም ሽቦው ሳይሰካ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ለባለሙያው «ማይክ አይሠራም» ብቻ አይበሉት። የትኛው ማይክ እንደሆነ፣ የፍተሻው መስመር ይንቀሳቀስ እንደሆነ፣ ካሜራው ይሠራ እንደሆነ፣ ድራይቨሩን አጥፍተው ሪስታርት ማድረግዎን በወረቀት ጽፈው ይስጡት፤ ሳያሳውቅዎ ፎርማት እንዳያደርግም እዚያው ላይ ይጻፉበት።